«ኦፍ»፦ ሲጠፋም ሲጮኽም ያው ቃል

አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ወር ገደማ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ላይ የማታ ሺፍት እሠራ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ላይኛው ፎቅ ያለው ባልደረባዬ በሬዲዮ ጠራኝና «ዘ አላርም ዌንት ኦፍ!» አለኝ። ኦፍ ማለት ጠፋ ነው። ይህን ማን ያጣዋል? ከልጅነታችን ጀምሮ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ፣ ሬዲዮው ላይ፣ ካውያው ላይ ተጽፎ ያየነው ነው። አላርሙ ጠፋ እያለኝ ነው፣ እሰየው ብዬ «ጉድ!» አልኩትና ወደ ሻዬ ተመለስኩ።

ያልኩት የእንግሊዝኛውን ጉድ ነበር። የአማርኛው ጉድ የመጣው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። አላርሙ ጠፍቶ ሳይሆን እየጮኸ ነበር። ባልደረባዬም የጠራኝ ሮጬ እንድደርስለት ነው። አለቃችን ሲመጣ እኔ ብስኩት ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ነው። ከዚያማ አለቃዬ «ዌንት ኦፍ ኦን ሚ»። ይሄኛውም ሌላ ኦፍ ነው። አምባረቀብኝ ማለት ነው።

በማግስቱ ቁጭ ብዬ ነገሩን ማብሰልሰል ጀመርኩ። መብራቱ «ዌንት ኦፍ» ሲባል ጠፋ ነው። አላርሙ «ዌንት ኦፍ» ሲባል ጮኸ ነው። ቦምቡ «ዌንት ኦፍ» ከተባለ ፈንድቷል። ወተቱ «ዌንት ኦፍ» ከተባለ ተበላሽቷል፤ ይህ የእንግሊዞቹ አነጋገር ነው፣ አሜሪካኖቹ ለወተት ብዙም አይሉትም። ሰውዬው «ዌንት ኦፍ» ከተባለ ደግሞ ወይ ሄዷል ወይ እንደ አለቃዬ አምባርቋል። ሁለት ቃል፣ ስንት ጣጣ! ያውም መብራቱና አላርሙ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። አንዱ ሥራ አቆመ፣ ሌላው ገና ሥራ ጀመረ።

መዝገበ ቃላት ከፍተው ቢያዩት አይረዳም። ኦፍ ሥር የተደረደረው ፍቺ ገጽ ሙሉ ነው፤ አንዱን ሲይዙ ሌላው ያመልጣል። እኔን የረዳኝ ሌላ መንገድ ነው። ቃሉ ከየት እንደመጣ ማየት፣ ከዚያ ደግሞ በአማርኛ ወንድሙን መፈለግ። ወንድም እንዳለው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

መጀመሪያ አመጣጡን እንይ። የድሮው እንግሊዝኛ ሁለት ቃል አልነበረውም። ዛሬ «ኦፍ» (በሁለት ኤፍ) እና «ኦቭ» (በአንድ ኤፍ) እያልን የምንለያቸው ያኔ አንድ ቃል ነበሩ። ትርጉሙም «ከ…» ወይም «ከ… ርቆ» ነበር። ሰው ቃሉን ጠበቅ አድርጎ ሲጠራው «ኦፍ» ይላል። በንግግር መሐል እንደዋዛ ሲያልፈው ደግሞ ላላ ብሎ «ኦቭ» ይሆናል። ይሄ የላላው ቃል ቀስ በቀስ ሌላ ሥራ ያዘ። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛው «ደ» ተጽዕኖ ታከለበትና በአብዛኛው የእኛን «የ» የሚተካ ሆነ። የቤቱ በር፣ የአገሩ ንጉሥ ለማለት የሚገባው እሱ ነው። ጠበቅ ያለው ግን የድሮ ትርጉሙን፣ መለየትንና መራቅን፣ ይዞ ቀረ። በጽሑፍ ሁለቱ ጥርት ብለው የተለያዩት በ1600ዎቹ ነው። ስለዚህ አንዷን ኤፍ ረስቶ ለሚጽፍ ሰው አትፍረዱበት። እንግሊዞቹም ራሳቸው ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያምታቱት ኖረዋል።

ዘመዶቹንም ብናይ ያው ሥዕል ነው የሚመጣው። ፍራንክፈርት ባቡር ጣቢያ የቆመ ሰው «አብፋርት» የሚል ሰሌዳ አይቷል። መነሻ፣ ባቡሩ ጣቢያውን ለቆ የሚሄድበት ማለት ነው። ያ የፊተኛው «አብ» የጀርመንኛ ኦፍ ነው። የላቲኑም «አብ» ነው፤ «አብኖርማል» ሲባል ከመለኪያው፣ ከደንቡ የወጣ ማለት ነው። የግሪኩ «አፖ» ነው። ሐዋርያ በግሪክ «አፖስቶሎስ» ይባላል፤ ተልኮ የሄደ ማለት ነው። ሁሉም አንድ አያት ነው ያላቸው። ሁሉም ውስጥ አንድ ነገር ከሌላው ይለያል።

እንግዲህ ሥዕሉ ይኸውላችሁ። አንድ ነገር ሌላ ነገር ላይ አለ፤ ተቀምጧል፣ ተጣብቋል፣ ተያይዟል። ይሄ ኦን ነው። ከዚያ ተላቀቀ። ይሄ ኦፍ ነው።

ተላቀቀ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወንድሙ ያልኳችሁ «ለቀቀ» ነው።

እስቲ ለቀቀን እንየው። «ሥራ ለቀቀ» ስንል ሥራው አበቃ። «ሙዚቃ ልቀቅ» ስንል ግን ሙዚቃው ገና ሊጀምር ነው። ተቃራኒ አይደሉም እንዴ? እኛ ግን አንድም ቀን ግር ብሎን አያውቅም። «ውሃ ለቀቁ» ሲባል ባልዲ ይዘን እንሮጣለን እንጂ ውሃው ጠፋ ብለን አንቀመጥም። ዘፋኝ አልበም ለቀቀ እንላለን፣ ተከራይ ቤት ለቀቀ እንላለን። አንዱ አመጣ፣ ሌላው ሄደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለቀቀ የሚነግረን ተይዞ የነበረ ነገር መያዙ መቅረቱን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በተያዘው ነገር ይወሰናል። የተያዘው ውሃ ከሆነ ይፈሳል። የተያዘው ሥራ ከሆነ ይቀራል።

አሁን ወደዚያ ሌሊት አላርም እንመለስ። የድሮውን በእጅ የሚሞላ የጠረጴዛ ሰዓት ታስታውሱታላችሁ፤ ከላይ ሁለት ደወል፣ መሐሉ ላይ ትንሽ መዶሻ ያለው። ከኋላ ቁልፉን ስንጠመዝዝ ውስጥ ያለው ሞላ ይጠብቃል። ሊፈታ ይፈልጋል፣ ግን አንዲት ትንሽ ብረት ይዛዋለች። ሰዓቱ ሲደርስ ያቺ ብረት ትለቀዋለች። ሞላው ይፈታል፣ መዶሻው ደወሉን መደብደብ ይጀምራል። አላርሙ «ዌንት ኦፍ»። ጠመንጃም እንደዚሁ ነው። የተወጠረው መምቻ ተይዟል፤ ቃታው ሲሳብ ይለቃል። በዚህ ዓይን ከታየ ሽጉጥ «ዌንት ኦፍ» ሲባል፣ አላርም «ዌንት ኦፍ» ሲባል፣ ቦምብም «ዌንት ኦፍ» ሲባል አንድ ነገር ነው። የታመቀው ተለቀቀ።

መብራቱስ? ማጥፊያው ውስጥ ያለው ነገር ቀላል ነው። ሁለት ብረቶች ሲነካኩ ኮረንቲው ያልፋል። ሲላቀቁ ይቋረጣል። ስለዚህ እዚህ የተለቀቀው ግንኙነቱ ነው። ግንኙነቱ ሲለቅ መብራቱ ይጠፋል። የአላርሙ ሞላ ሲለቅ ግን ደወሉ ይጮኻል። ቃሉ አልተገለባበጠም፤ የተያዘው ነገር ነው የተለያየው።

እግረ መንገዴን፣ አማርኛም አለቃዬን በደንብ ያውቀዋል። ሽጉጥ ባለቤቱ ሳያስበው ሲተኩስ ባረቀ እንላለን። ሰው ድንገት ሲጮኽብን ደግሞ አምባረቀ። መብረቅም የዚያው ቤተሰብ ነው። ጠመንጃውም ሰውየውም «ዌንት ኦፍ» ይባላሉ ብሎ እንግሊዝኛን ከመውቀስ በፊት ይህን ማሰብ ጥሩ ነው።

ለቀቀ ቁልፍ መሆኑን ካወቁ ብዙ በር ይከፈታል። ጥርስ ሐኪም ቤት ሄደን ከመጣን በኋላ «ማደንዘዣው ለቀቀኝ» እንላለን። ፈረንጁ «ዎር ኦፍ» ይላል። የጫማው ሶል ሲለቅ «ኬም ኦፍ» ነው። «ልቀቀኝ!» ማለት «ጌት ኦፍ ሚ!» ነው። ስካሩ እስኪለቀው ይተኛ ስንል እነሱ «ስሊፕ ኢት ኦፍ» ይላሉ። በእርግጥ ሁሉም ቦታ አይገጥምም። ግን ስትጠራጠሩ ቅድሚያ እሱን ሞክሩ።

ለእኛ ሰው ኦፍ ከሁሉ በላይ የሚኖረው ሥራ ቦታ ነው። ዋሽንግተንም ሁን ዱባይ፣ ሁለት ሐበሻ ስልክ ሲደዋወል የመጀመሪያው ጥያቄ «ነገ ኦፍ ነሽ?» ነው። ዕረፍት የሚለው ቃል እያለን ለምን ኦፍ እንላለን? እኔ ሲመስለኝ ዕረፍት ማለት ማረፍ ስለሆነ ነው። ኦፍ ግን ከሥራው መላቀቅ ብቻ ነው። ኦፍ የሆነ ሰው ልብስ ያጥባል፣ ገንዘብ ይልካል፣ ኢሚግሬሽን ቀጠሮ ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል። የሚያርፍ ካለ ዕድለኛ ነው።

እዚህ ሠፈር ግን ሦስት ኦፎች አሉ፤ አንዱን በሌላው ቦታ የሰማ ይደነግጣል። «ዩ አር ኦፍ ቱሞሮ» ካሏችሁ ነገ አትመጡም፣ ደስታ ነው። «አይ ጌት ኦፍ አት ፋይቭ» የሚል ሰው በአምስት፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ፣ ከሥራ እወጣለሁ ማለቱ ነው። «ዩ አር ሌይድ ኦፍ» ካሏችሁ ግን ነገ ብቻ ሳይሆን ከነገ ወዲያም አትመጡም። ሌይ ኦፍ መጀመሪያ ላይ ሥራ እስኪገኝ ሠራተኛውን ለጊዜው ማሳረፍ ነበር። ዛሬ ግን በአብዛኛው ስንብት ነው። ሆኖም «ፋየርድ» ከመባል ይለያል። ፋየርድ ሲባል ሠራተኛው አጥፍቷል ማለት ነው። ሌይድ ኦፍ ሲባል ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም፤ ገበያው ቀዝቅዟል ወይ ድርጅቱ ገንዘብ አጥሮታል። ለሥራ አጥ ድጎማ ስታመለክቱ ይኸው ስለሚጠየቅ፣ ልዩነቱን ማወቅ የኪስ ጉዳይ ነው።

«ዴይ ኦፍ» እና «ኦፍ ዴይ»ም ተጠንቀቁላቸው። የመጀመሪያው የዕረፍት ቀን ነው። ሁለተኛውን ብዙ አገር ሠራተኛው ሁሉ ለዚያው ለዕረፍት ቀን ይለዋል። አሜሪካዊ ወይ እንግሊዝ «አይም ሃቪንግ አን ኦፍ ዴይ» ካለ ግን ሥራ ላይ ነው ያለው፤ ቀኑ አልቀናውም ነው የሚለው። እዚህ ላይ ኦፍ ከመስመር መውጣትን ያመጣል። «አይ ፊል ኦፍ» የሚል ሰው ደህና አይደለሁም፣ ምንነቱን ግን አላወቅኩትም እያለ ነው። «ዩር ማዝ ኢዝ ኦፍ» ካሏችሁ ሒሳባችሁ ስቷል። «ሳምቲንግ ኢዝ ኦፍ» ደግሞ የጠረጠረ ሰው አነጋገር ነው፤ የሆነ ነገርማ አለ እንደሚባለው።

አሁን ገበያ እንግባ። እዚህ ላይ ነው የሁለቱ መንትዮች ነገር ገንዘብ የሚያስከፍለው። «20% ኦፍ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ጃኬት አለ እንበል፣ ዋጋው 100 ዶላር። ከመቶው ሃያው ይነሳል፣ 80 ትከፍላላችሁ። «20% ኦቭ 100» ግን ራሱ ሃያው ነው። አንዲት ኤፍ የ60 ዶላር ልዩነት አላት። በወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው፣ በስልክ ሲነገር ግን ጆሮ ያምታታዋል።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ። «50% ኦፍ» የተጻፈበት መደርደሪያ ላይ ደግሞ በቀይ «ኤክስትራ 20% ኦፍ» ይለጥፋሉ። ሰው 50 ሲደመር 20፣ 70 ብሎ ይደሰታል። ሁለተኛው ኦፍ ግን የሚነሳው ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ ሳይሆን ከቀረው ላይ ነው። መቶው መጀመሪያ 50 ሆነ። ከ50ው ላይ ሃያ በመቶው፣ ማለትም 10፣ ይነሳል። የምትከፍሉት 40 ነው እንጂ 30 አይደለም። ኦፍ ምንጊዜም «ከምን ላይ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ይፈልጋል። እኔ ይህን የተማርኩት ካሸር ፊት ቆሜ፣ ከኋላዬ ሰባት ሰው ተሰልፎ ነው።

«ዌል ኦፍ» ግን አለ፤ ሀብታም፣ የደላው ማለት ነው። «ቤተር ኦፍ» ደግሞ የተሻለ ኑሮ ላይ ያለ። እዚህ ላይ የመላቀቁን ሥዕል ብፈልገው ብፈልገው አልታይ አለኝ። እንዲህ ያለውን ሳያላምጡ መዋጥ ነው።

ወደ ሥጋ ቤት ስንሄድ ግን ሥዕሉ ፍንትው ይላል። ጨጓራ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ምላስ በእንግሊዝኛ በጅምላ «ኦፋል» ይባላል። ኦፍ ሲደመር ፎል ነው። ሉካንዳው ሥጋውን ሲበልት ከመክተፊያው ላይ ተቆርጦ የሚወድቀው ማለት ነው። ሆላንዶች ያንኑ ቃል «አፍቫል» ይሉታል፤ እነሱ ዘንድ እንዲያውም ቆሻሻ ማለት ሆኗል። ዱለት በልቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ስድብ ነው። እኛ ቤት የሚወድቀው ነው ቀድሞ የሚያልቀው።

ኳስ ሜዳ ያለውን ኦፍማ ማንም ያውቀዋል። ኦፍሳይድ። ጋዜጠኞቻችን «ከጨዋታ ውጪ» ብለው በደንብ ተርጉመውታል፤ ጥሬ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው፣ ደስም ይላል። ሳይድ ወገን ነው። ኦፍሳይድ የሆነ ተጫዋች ከወገኑ የተለየ ነው። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ኳስ ሲጫወቱ ወገን ማለት ከኳሱ ኋላ ያለው ጓድ ነበር። ብቻውን ቀድሞ ተቃራኒ ጎል አጠገብ የሚጠብቅ ልጅ ጓዱን ከድቷል፣ ነውር ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ1863 የመጀመሪያ ሕጎቹን ሲጽፍ ከኳሱ ፊት ያለ ተጫዋች እንዳይሳተፍ ከለከለ። በ1866 ሕጉ ላላ፤ ከተጫዋቹና ከጎሉ መስመር መሐል ሦስት ተቃራኒ ካለ ይችላል ተባለ። በ1925 ሦስቱ ሁለት ሆኑ፣ ጎልም በአንድ ጊዜ በዛ። ዛሬ በካሜራ የእግር ጣት ጫፍ እየለኩ የሚከራከሩበት ሕግ መነሻው «ከወገንህ አትለይ» ነው። ሠፈር ውስጥ ያለ አግባብ ሰው ጉዳይ የገባን ሰው «ኦፍሳይድ ነህ!» ስንለውም ከዋናው ትርጉም ብዙ አልራቅንም።

አቅጣጫ ሲጠቁሙም ኦፍ አለ። እዚህ ላይ የሁለቱ ቋንቋ ጠባይ ጎልቶ ይታያል። አንድ ምግብ ቤት «ኦፍ ቦሌ ሮድ» ነው ይላሉ። እኛ «ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ» እንላለን። ያው ቦታ፣ ያው ቅያስ ነው። እኛ ወደ ውስጥ መግባቱ ታየን፤ እነሱ ከዋናው መንገድ መለየቱ ታያቸው። መርከብም «ኦፍ ዘ ኮስት ኦቭ ማሳዋ» ከተባለ ከምጽዋ ዳርቻ ራቅ ብሎ ባሕሩ ላይ ነው ያለው። ወደብ ላይ አልቆመም፣ በጣምም አልራቀም።

ለምንድን ነው ታዲያ ይህች ቃል እኛን ከሌሎቹ ቃላት በላይ የምታስቸግረን? መልሱን ያገኘሁት ሊዮናርድ ታልሚ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ ካስቀመጠው ልዩነት ነው። እንዲህ ነው፤ አንዳንድ ቋንቋዎች የእንቅስቃሴውን አቅጣጫ ግሱ ውስጥ ይከታሉ። ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተሻገረ። እንዴት እንደሆነ ለመናገር ሌላ ቃል ያክላሉ፤ ሮጦ ወጣ፣ እየተንገዳገደ ወረደ። አማርኛ ከእነዚህ ነው። ሌሎች ደግሞ ግሱን ለሁኔታው ይሰጡና አቅጣጫውን ከኋላ በሚመጣ ትንሽ ቃል ይነግራሉ። እንግሊዝኛ ከእነዚህ ነው። «ሺ ዳንስድ ኦፍ ዘ ስቴጅ» ሲሉ «እየጨፈረች ከመድረክ ወረደች» ነው። መጨፈሩ ግሱ ውስጥ ነው። መውረዱ የት አለ? ኦፍ ውስጥ። የእኛ ጆሮ ደግሞ ቁም ነገሩን ግሱ ላይ መፈለግ ለምዷል። ግሱን ይሰማና ጅራቱን ይተዋል። ጅራቱ ላይ ነው ሁሉ ነገር ያለው!

አንድ ጓደኛዬ የደረሰበትን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ቦታው መልእክት ገባለት። «ዘ ሚቲንግ ሃዝ ቢን ኮልድ ኦፍ» ይላል። ኮል መጥራት ነው፤ ስብሰባ ተጠርቷል ብሎ ተነሳ። ሸሚዙን ተኮሰ። አውቶቡስ ሁለት ቀይሮ ደረሰ። በሩ ተቆልፏል፣ ከጥበቃው በቀር ሰው የለም። ኮልድ ኦፍ ማለት ተሰርዟል ማለት ነው። ያቺ ሁለት ኤፍ ያላት ቃል ስብሰባውን ከቀን መቁጠሪያው ላይ ነቅላዋለች። ጥበቃው «ኦ፣ ኢትስ ኦፍ ቱዴይ» አለው። እሱም ስብሰባው ሌላ ክፍል ነው ያለ መስሎት «ዌር?» ብሎ ጠየቀ።

እንዲህ ያለው ብዙ ነው። «ቴል» መንገር ነው፤ «ቴል ኦፍ» መቆጣት። «ፑት» ማስቀመጥ፤ «ፑት ኦፍ» ማስተላለፍ፣ ለሌላ ቀን መግፋት። «ሾው» ማሳየት ነው፤ «ሾው ኦፍ» ግን ጉራ፣ ልታይ ልታይ ማለት። «ፑል» መጎተት ነው፤ «ሺ ፑልድ ኢት ኦፍ» ከተባለ ግን ማንም አይሆንላትም ያለውን ነገር ተወጥታዋለች። ይህ የመጨረሻው በተለይ ደስ ይለኛል፤ ተወጣችው የሚለውም ውስጡ መውጣት አለበት። «ድሮፕ ኦፍ» ሁለት ሥራ አለው። ኡበር የሚነዱ ወንድሞቻችን ሰው ማውረድ ብለው ያውቁታል፤ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርግም ያው ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳያደርጉት እንጂ። ስድብም አለው። «… ኦፍ» የሚሉ አጫጭር ስድቦች ሁሉ ጨዋው ትርጉማቸው «ዞር በል» ነው። ፊተኛውን ቃል እዚህ አልጽፈውም፣ መንገድ ላይ ትሰሙታላችሁ።

ለመናገርም አንድ ሁለት ነገር ልበል። እንዲህ ባሉ ጥንዶች ውስጥ ድምፅ ጠበቅ የሚለው ኦፍ ላይ ነው። ኮልድ ኦፍ ሲሉ ጆሯችሁን ሁለተኛው ላይ ጣሉ። እሱን ዋጥ አድርጋችሁ ከተናገራችሁ ፈረንጁም እንደ ጓደኛዬ ስብሰባው ተጠራ ይላል። ሌላው፣ እንደ ኮል ኦፍና ተርን ኦፍ ባሉት ውስጥ «እሱን» ወይ «እሷን» የሚለው ተውላጠ ስም መሐል ይገባል። «ተርን ኢት ኦፍ» ይባላል። «ተርን ኦፍ ኢት» ካላችሁ ወዲያው አዲስ መጤ መሆናችሁ ይታወቃል። ዕቃው በስሙ ከተጠራ ግን ወዲህም ወዲያም ይሆናል፤ «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»፣ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»። አሜሪካኖች «ኦፍ ኦቭ» ብለው ሁለቱን መንትዮች ሲደራርቡም ትሰማላችሁ፤ ሰዋስው የሚያጠብቁ ሰዎች ይቆጣሉ። ሼክስፒር ግን በአንድ ተውኔቱ ላይ «ከዛፍ ላይ ወደቅኩ» የሚል ሰው ሲያናግር እንደዚሁ ብሎታል። እኔ በእሱ ከለላ እላለሁ።

ያ በሬዲዮ የጠራኝ ባልደረባዬ ዛሬም አለ። ነገሩን ካወቀ ወዲህ መቀለጃ አድርጎኛል። ባለፈው ሳምንት ሺፍት ስንቀያየር ጃኬቱን እየለበሰ አንድ ዓረፍተ ነገር ወረወረልኝ። «አይም ኦፍ፣ ቱሞሮ ኢዝ ማይ ዴይ ኦፍ፣ ሶ ተርን ዘ አላርም ኦፍ ቢፎር ኢት ጎዝ ኦፍ!» አራት ኦፍ በአንድ ትንፋሽ። ቆሜ በአማርኛ ቆጠርኳቸው፤ መሄዴ ነው፣ ነገ ዕረፍቴ ነው፣ አላርሙን አጥፋው፣ ሳይጮኽ። አራት ኦፍ፣ አራት የተለያየ ቃል። ገባኝ ብዬ አውራ ጣቴን አሳየሁት።

«ጉድ» ግን አላልኩትም።